ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ስንት ነው?

(ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ አራብሳ በሚገኝ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ለነዋሪዎችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው።)

የተከበራችሁ የአራብሳ ነዋሪዎች፣ እናቶች፣ አባቶች፣ መምህራን፣ ከሁሉም በላይ እናንተ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? በቅዳሜ ጠዋት የቤቱን ሥራና ገበያውን ትታችሁ ስለ ሒሳብ ለመስማት መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ጊዜ ዝም እንበልና እናዳምጥ። ሰማችሁ? አሁን በላያችን ያለፈው አውሮፕላን ከቦሌ የተነሣ ነው። እዚህ ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ድምፅ በእንቅልፉም ይሰማዋል። ልጆቻችን ሲያልፍ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያያሉ፣ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ግን ስንቶቻችን ነን «ይህ አውሮፕላን የሚሄድበት አገር ከዚህ ስንት ይርቃል?» ብለን ጠይቀን፣ መልሱን በራሳችን እጅ ያገኘነው?

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በበረራ ዕቅድ ላይ ነው። አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚጭን፣ መድረሻው ቢዘጋ የት ሊያርፍ እንደሚችል ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው አለ። መንገደኛው አያየውም። እኔ ያ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ከእጄ ያልወጣ ጉዳይ ነው።

ሦስት ነገሮችን እናገራለሁ። አንደኛ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታ ስለ ርቀት ሲጠየቅ እንደማይታመን። ሁለተኛ፣ ማንኛችሁም ሳይንና ኮሳይን ባለው የተማሪ ካልኩሌተር የሁለት ሩቅ አየር ማረፊያዎችን ርቀት ማስላት እንደምትችሉ። ሦስተኛ፣ ያሰላችሁት ርቀትና አውሮፕላኑ በእውነት የሚበረው ርቀት የተለያዩ መሆናቸውን። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው። እዚህ ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ አለ። ማስመሪያ ይዤ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ቀጥ ያለ መስመር ላስምር። ተመልከቱ፦ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊን፣ ሞሪታኒያን አቋርጦ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ገባ፤ ከዚያም ዋሽንግተን ደረሰ። አጭሩ መንገድ ይህ ይመስላል። ነው?

አንቺ የፊት ወንበር ላይ ያለሽው፣ ነይ የኔ ልጅ። ይህን ክር ያዢ። አንዱን ጫፍ በሉሉ፣ በዚህ ድቡልቡል የምድር አምሳያ፣ አዲስ አበባ ላይ አድርጊው፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ። አሁን ክሩን ወጥሪው። እስኪጠብቅ ወጥሪው። በይ አሁን ክሩ የሚያልፍባቸውን አገሮች ጮክ ብለሽ አንብቢልን።

«ሱዳን… ሊቢያ… ቱኒዚያ… አልጄሪያ… ስፔን… ፖርቱጋል…»

ሰማችሁ? ስፔን! ፖርቱጋል! ማስመሪያው በማሊ በኩል ሲሄድ ክሩ በአውሮፓ በኩል ሄደ። ከዚያም አትላንቲክ ላይ ከዋሽንግተንም በላይ ወደ ሰሜን፣ እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ ይወጣና ነው ቁልቁል የሚመለሰው። ካርታው ላይ ጠማማ የሚመስለው ይህ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታው ላይ ቀጥ ያለው ደግሞ 12,090 ገደማ። ልዩነቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ ያለውን የአየር ርቀት ያህል ማለት ነው። በማስመሪያ የተማመነ ሰው አንድ የመቀሌ በረራ ያህል ነዳጅ በከንቱ ያቃጥላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምድር ድቡልቡል ናት፣ ወረቀት ደግሞ ዝርግ ነው። ድቡልቡሉን ዝርግ ላይ ለማስፈር የግድ አንድ ቦታ መለጠጥ አለበት። ይህ በየትምህርት ቤቱ የምናየው ካርታ ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋን ቁጥር ምድሩን እየለጠጠ ይሄዳል። በሉል ላይ አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ የታላቅ ክብ ቁራጭ ነው። ታላቅ ክብ ማለት ምድርን ልክ በማዕከሏ በኩል ለሁለት እኩል የሚከፍል ክብ ነው። የምድር ወገብ አንዱ ታላቅ ክብ ነው። በማንኛውም ሁለት ቦታዎች መካከልም እንዲህ ያለ ክብ አለ።

ሥራ ስጀምር ያሠለጠኑን አንድ አዛውንት ነበሩ። በኪሳቸው ጥቁር የስፌት ክር ተጠቅልሎ አይጠፋም ነበር። አንድ ወጣት በዓለም ካርታ ላይ ማስመሪያ ሲያሳርፍ ካዩ ምንም አይናገሩም፤ ማስመሪያውን ቀስ ብለው ይወስዱና በምትኩ ክሩን ያስቀምጡለታል። ተግሣጻቸው ይኸው ነበር። ኮምፒውተር ከመጣም በኋላ፣ ማሽኑ ያወጣውን መስመር እሳቸው በሉሉ ላይ በክር ሳያዩት አይፈርሙም ነበር። እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ ስሌቱ ነው። ብዙዎቻችሁ በልባችሁ «ስልክ ላይ ይገኝ የለም ወይ?» እያላችሁ ነው። ይገኛል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

እዚሁ ሰፈር ያለች ጎረቤቴ ሴት ልጇ ወደ ዋሽንግተን ልትሄድ ነበር። እናት ናትና «ልጄ ስንት ትርቀኛለች?» ብላ ሦስቱን ልጆቿን ጠየቀች። ሦስቱም ስልካቸውን አወጡ። አንዱ 11,560 አላት። ሁለተኛው 7,180 አላት። ሦስተኛው 6,240። ሲጨቃጨቁ ቡናው ቀዘቀዘ። እኔ ስገባ «እባክህ ጋሼ፣ የትኛው ነው እውነተኛው?» አለችኝ። ሦስቱም እውነተኞች ናቸው! የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው ማይል፣ ሦስተኛው የባሕር ማይል ነው። አብራሪዎች የሚጠቀሙት ሦስተኛውን ነው። ስልክ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩ የምን እንደሆነ ማወቅ ግን የእናንተ ፋንታ ነው። ስለዚህ ነው በእጃችን እናስላው የምለው።

ደብተር ያላችሁ አውጡ። መምህር፣ ጠመኔ ቢሰጡኝ። አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ የሁለቱን ቦታዎች አድራሻ እንያዝ። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ፣ ኬንትሮስ ደግሞ ከእንግሊዙ የግሪንዊች መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ስንት ዲግሪ እንደሆነ የሚነግረን ነው። ቦሌ ኬክሮሱ 8.98 ዲግሪ ሰሜን፣ ኬንትሮሱ 38.80 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። የዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ ኬክሮሱ 38.94 ሰሜን፣ ኬንትሮሱ 77.46 ምዕራብ ነው። ቀጥሎ በኬንትሮስ ስንት እንደሚራራቁ እንፈልግ። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። እኛ ከግሪንዊች በምሥራቅ ነን፣ እነሱ በምዕራብ። ስለዚህ ይደመራል እንጂ አይቀነስም! 38.80 ሲደመር 77.46፣ 116.26 ይሆናል። በአንድ ክፍል ውስጥ ይህን ሳሠራ አንድ ጎበዝ ተማሪ ቀነሰውና ወደ 5,085 ኪሎ ሜትር አገኘ። ጓደኛው ወዲያው ተነሥቶ «ፍራንክፈርት እንኳ 5,350 ናት፤ አሜሪካ ከጀርመን ትቀርባለች እንዴ?» አለው። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ደስ ያለኝ በጭብጨባው አይደለም፤ ልጁ የቁጥሩን ትርጉም ጠይቆ ስህተቱን በማግኘቱ ነው።

አሁን ቀመሩን ልጻፍ። የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዙ። ከዚያ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን እርስ በርስ አባዙና በኬንትሮሱ ልዩነት ኮሳይን አባዙት። ሁለቱን ውጤቶች ደምሩ። ያ ድምር ከምድር ማዕከል ሆነን ሁለቱን ከተሞች ብናይ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ኮሳይን ነው። ካልኩሌተራችሁ በዲግሪ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ይህን ያላረጋገጠ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ከየት እንደመጣ ማንም ሊነግረው አይችልም።

ሳይን 8.98፣ 0.1561 ነው። ሳይን 38.94፣ 0.6285። ሲባዙ 0.0981። ኮሳይኖቹ 0.9877 እና 0.7778 ናቸው። የ116.26 ኮሳይን ደግሞ ኔጌቲቭ 0.4425። ሦስቱ ሲባዙ ኔጌቲቭ 0.3399። ድምሩ ኔጌቲቭ 0.2418። ኔጌቲቭ በመሆኑ አትደንግጡ፤ ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ በላይ ነው፣ ማለትም ዋሽንግተን ከእኛ ከምድር ዙሪያ ሩብ በላይ ትርቃለች ማለቱ ነው። ኮሳይኑን ወደ ማዕዘን ስንመልሰው 103.99 ዲግሪ እናገኛለን።

አንድ ዲግሪ በምድር ላይ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? የምድር አማካይ ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዙሪያዋ 40,030 ገደማ ይሆናል። ለ360 ስናካፍለው 111.2። ስለዚህ 103.99 ሲባዛ በ111.2… ማን ጨረሰ? አዎ! 11,564። ይኸው! የጎረቤቴ የመጀመሪያ ልጅ ስልክ ከነገረው ቁጥር ጋር በኪሎ ሜትሮች ልዩነት ገጠምን። በጠመኔና በአሥረኛ ክፍል ትምህርት!

ዙሪያዋ ወደ 40,000 መጠጋቱም የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ፈረንሳዮች ሜትርን ሲፈጥሩ ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት አሥር ሚሊዮን ሜትር እንዲሆን አስበው ነው። የባሕር ማይልም እንዲሁ ከምድር የወጣ ነው፤ የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ነው፣ 1,852 ሜትር። ማዕዘኑን በ60 ብታባዙት በቀጥታ 6,240 የባሕር ማይል ገደማ ይመጣላችኋል። አብራሪዎች ለምን እንደሚወዱት ገባችሁ? የምድርን ዙሪያ ከሁሉ ቀድሞ በሥርዓት ያሰላው ግሪካዊው ሊቅ ኤራቶስቴኔስም የሠራው በዓባይ ወንዝ ዳር ነው፤ በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል ያለውን የጥላ ማዕዘን ይዞ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን።

ሁለት ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። ቦታዎቹ በጣም ከተቀራረቡ ይህ ቀመር አሥርዮሾችን ያጠፋል፤ ያኔ ሃቨርሳይን የሚባለው ሌላ ቀመር ይሻላል። ደግሞ ምድር ፍጹም ሉል አይደለችም። በወገቧ ሬዲየሷ 6,378፣ በዋልታዋ 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ የተነሣ የሚመጣው ስህተት ከመቶ ግማሽ እጅ አይበልጥም። ባለሙያዎች ይህንንም የሚያስተካክል ስሌት አላቸው፤ ለእኛ ለዛሬ ይበቃናል።

የአድራሻ ነገር ከተነሣ ግን የቤት ካርታ ለያዛችሁ አንድ ቃል። በአገራችን ለረጅም ጊዜ የካርታ መነሻ፣ ማለትም ቦታዎች የሚለኩበት መሠረት፣ ሆኖ ያገለገለው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ የሚገኘው አዲንዳን የሚባለው ነጥብ ነው። ስልካችሁ የሚጠቀምበት መነሻ ሌላ ነው። የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ብትቀላቅሉ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ለዋሽንግተን በረራ ስሌት ይህ ምንም አይደለም። ለግቢያችሁ አጥር ግን ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላል። የካርታችሁ ቁጥር በየትኛው መነሻ እንደተጻፈ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው። 11,560 አገኘን። አውሮፕላኑ 11,560 ይበራል ወይ? አይበርም!

ከፍታው ትንሹ ምክንያት ነው። 11 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ሲበር ክቡ ስለሚሰፋ በዚህ መንገድ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ማኮብኮቢያው የሚያይበት አቅጣጫ፣ ተነሥቶ መዞሩ፣ ለማረፍ ተራ መጠበቁ ሌላ ይጨምራል። ትልቁ ግን ሰማይም እንደ ምድር ድንበር ያለው መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የአየር ክልሏ ለመንገደኞች በረራ ተዘጋ። ቅድም ልጃችን ክሩን ስትወጥር መጀመሪያ ያነበበችው አገር ማን ነበር? ሱዳን! ክሩ ያለበት ሲዘጋ አውሮፕላኑ ይዞራል። ዙሩ ነዳጅ ነው፣ ሰዓት ነው፣ የቲኬት ዋጋ ነው።

ከሁሉ የሚያመኝን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ እስከ አሥመራ በታላቁ ክብ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ በአሥመራ በኩል ነበር ያለፈው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት መጣ፤ መስመሩ ለሃያ ዓመት ተዘጋ። በእነዚያ ዓመታት እናቱን ለማየት የፈለገ ሰው በሦስተኛ አገር መዞር ነበረበት። በካይሮ ቢዞር፣ ከአዲስ አበባ ካይሮ 2,475፣ ከካይሮ አሥመራ 1,820፤ በድምሩ ወደ 4,300 ኪሎ ሜትር። 700 የነበረው ከስድስት እጥፍ በላይ ሆነ! በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አሥመራ የሚለውን ነጥብ በየቀኑ አየው ነበር። ቁጥሩ አልተለወጠም፣ ማዕዘኑ ያው 6 ዲግሪ ከምናምን ነው፤ ሰው ግን መድረስ አልቻለም። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲሄድ በመተላለፊያው ላይ ሰዎች ሲተቃቀፉና ሲያለቅሱ በቴሌቪዥን አይተናል። እኔም አልቅሻለሁ። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ማለት ያን ዕለት ነው የገባኝ የምትሉ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የቀድሞ ጎረቤቶቻችሁን አስታውሳለሁና።

ነፋስም አለ። በአትላንቲክ ላይ በከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 100 ኪሎ ሜትር ነፋስ መንገዱን ሁሉ ፊት ለፊት ቢገጥመው 11,560ውን ለመጨረስ ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ከኋላ ቢገፋው 11 ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ርቀቱ አንድ፣ ጊዜው ሁለት።

ከዚህ ላይ የእኛ ከተማ ጠባይ ይጨመራል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ላይ ክንፍም ሞተርም ኃይላቸው ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ የፈለገውን ያህል ነዳጅና ሰው ጭኖ መነሣት አይችልም። ለዚህ ነው ለብዙ ዓመታት የዋሽንግተኑ በረራ ሲሄድ በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚጨምረው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣው። ብዙ ሰዎች «ሲሄድ ለምን ይቆማል? ሲመለስስ ለምን አይቆምም?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱ እግራችን ሥር ያለው ተራራ ነው፤ ነፋሱም ያግዘዋል። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሆኑም አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው።

አሁን ከባዱን ልናገር። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የነበረ አውሮፕላን ተጠለፈ። 175 ሰዎች ነበሩበት። ናይሮቢ ከቦሌ 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ቅርቡ የአውስትራሊያ ትልቅ ከተማ ፐርዝ ከ9,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ደጋግመው ነገሯቸው። እነሱ ግን ለመንገደኞች በሚታደለው መጽሔት ላይ አውሮፕላኑ ያለ ማረፍ ስንት ሰዓት መብረር እንደሚችል አንብበው ነበርና አላመኗቸውም። መጽሔቱ የጻፈው ታንኩ ሲሞላ ያለውን ነው። ያን ቀን ታንኩ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው። ነዳጁ አለቀ፤ አውሮፕላኑ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። 125 ሰዎች ሞቱ፣ 50 ተረፉ። ካፒቴኑ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው፣ ጠላፊዎች እየታገሏቸው፣ ያን ያህል ሰው ማትረፋቸው በሙያችን እስከ ዛሬ በአክብሮት ይነሣል።

ልጆች፣ ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም። ወረቀት ላይ የታተመ ቁጥር እውነት ሆኖ ሳለ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ ላይሆን ይችላል። «ይህ አውሮፕላን ስንት ሊበር ይችላል?» እና «ይህ አውሮፕላን ዛሬ፣ በዚህ ነዳጅ፣ በዚህ ነፋስ ስንት ይበራል?» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። እኛ በዕቅድ ክፍል ውስጥ ዕድሜያችንን የጨረስነው ሁለተኛውን ስንመልስ ነው። እያንዳንዱን በረራ፣ እያንዳንዱን ቀን፣ እንደገና ከመጀመሪያው።

ሰዓቱ ሄዷል፤ መምህራኑም አዳራሹን ይፈልጉታል። ከመለያየታችን በፊት ለተማሪዎች የቤት ሥራ እሰጣለሁ። ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፣ ገልብጡ። ከቦሌ እስከ ብራዚሉ ሳኦ ፓውሎ ጉዋሩልዮስ አየር ማረፊያ ያለውን ርቀት አስሉ። ኬክሮሱ 23.43 ደቡብ፣ ኬንትሮሱ 46.47 ምዕራብ ነው። ደቡብ ሲሆን ኬክሮሱ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ሳይኑም አብሮ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ኮሳይኑ ግን አይሆንም። መልሳችሁ ከ9,900 በላይና ከ10,000 ኪሎ ሜትር በታች ካልሆነ ምልክቶቹን እንደገና ተመልከቱ። ስትጨርሱ ደግሞ ክር ወጥራችሁ በሉል ላይ በየትኞቹ አገሮች እንደሚያልፍ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚሁ ነኝ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከኋላ ካሉት እናቶች እንጀምር።